በጉድጓዳችን ላይ የተሳለው ነጭ ክብ

ባለፈው ዓመት ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ አድሬ፣ ጠዋት ቁርስ ልንበላ ስንል አንድ እንቁላል ተበላሽቶ ተገኘ። አክስቴ መጥበሻው ጠርዝ ላይ ስትሰብረው ክፉ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጆቿ አፍንጫቸውን ይዘው እየሳቁ ወደ ውጭ ሮጡ፤ እሷም የሸጠላትን ሰው እየረገመች መስኮቱን ከፈተች። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ያ ሽታ ለኔ የእንቁላል አይደለም። ሰባተኛ ክፍል የተማርኩበት ዓመት ሽታ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ ሰጋቱራ የተሞላ የእንጨት ሣጥን፣ ሣጥኑ ውስጥ አንድ በአንድ የሚጠቁሩ ትንንሽ ብልቃጦች።

ያን ጊዜ የምኖረው ከእናቴ አባት ጋር ነበር። እናቴ አረብ አገር ነበረች፤ አልፎ አልፎ በስልክ ድምጿን እንሰማለን። አያቴን ሰፈሩ ሼህ እንድሪስ ይላቸዋል፣ እኔ ደግሞ አባባ። ሴት አያቴ በሞተች ዓመት አባባ ሁለት ሰው ይዘው ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጃቸው ጉድጓድ ቆፍረዋል። ለሷ ሰደቃ፣ በስሟ የሚሰጥ ምጽዋት እንዲሆን ነው። ሰው ከዚያ ውሃ በጠጣ ቁጥር አጅሩ፣ ምንዳው ለአያትሽ ይደርሳታል ይሉኝ ነበር። እኔም አያቴ ከጉድጓዱ ሥር ተቀምጣ ባልዲውን እየሞላች የምትልክልኝ ይመስለኝ ነበር። ገመዱ ሲከብደኝ ዛሬ ደስ ብሏታል፣ ሲቀለኝ ደግሞ ደክሟታል እላለሁ።

ሥራዬም ይኸው ጉድጓድ ነበር። አባባ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን ሰግደው ሲጨርሱ እነሣና የቆርቆሮ ክዳኑን ገፍቼ ባልዲ ማውረድ እጀምራለሁ። ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ብዙ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወደኛ ይመጣል። ክርስቲያኑም እስላሙም ይሰለፋል፣ ይመርቀኛል። በትምህርት መካከለኛ ነበርኩ፤ መልክም የለኝም ብዬ አምን ነበር። የሼህ እንድሪስ የልጅ ልጅ፣ የጉድጓዷ ልጅ መባል ብቻ ነበር የኔ ነገር።

ቲቸር ምሕረት የመጣችው በዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ደሴ እየኖረች በየቀኑ በሚኒባስ ትወርድ ነበር። ከሷ በፊት የነበረው የሳይንስ መምህራችን ሰሌዳውን ሞልቶ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። እሷ የመጀመሪያ ቀን ጠመኔ እንኳ አላነሳችም። ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ዓመት በውሃ ላይ ምርምር ስትሠራ እንደቆየች ነገረችንና ምርምሩን እዚህ ክፍል ውስጥ እንቀጥላለን አለችን። እኛ የምናውቀው ግን ምርመራን ነው፤ ምርመራ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ሴትዮዋ ከመካከላችን አንድ ሌባ ፍለጋ እንደተላከች ስንንሾካሾክ ከረምን። አጠገቤ የምትቀመጠው ሰላም ተሳስታ ቦርሳዋ ውስጥ የቀረባትን የትምህርት ቤት መቀስ በማግስቱ በድብቅ መለሰች።

ሰላም ጓደኛዬም ጎረቤቴም ነበረች። የእናቷን የእትዬ አልማዝን ቤት ከኛ የሚለየው አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ጴንጤዎች ናቸው፤ እሑድ ጠዋት ቸርች ሲሄዱ የሰላምን ታናሽ እህት ኤደንን ነጭ ካልሲ ያለብሷታል። ኤደን ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝና እሽኮኮ አድርጌያት እስከ ጉድጓዱ እወስዳታለሁ። ወደ ውስጥ አጎንብሳ ስሟን ትጠራና ድምጿ ሲመለስ ትስቃለች።

ቲቸር ምሕረት በሁለተኛው ሳምንት ትንንሽ የመድኃኒት ብልቃጦች ይዛ መጣች። እቤቷ ቀቅላ አጽድታቸዋለች። በያንዳንዳቸው ውስጥ ራሷ ያዘጋጀችው፣ መድኃኒት ውስጥ የተነከረ ቁራጭ ወረቀት አለ። ውሃ ሞልተን፣ ከድነን፣ ከየት እንደቀዳነው ጽፈንበት ሙቀት እንዲያገኝ ሰጋቱራ በሞላው ሣጥን ውስጥ እንቀብረዋለን። ውሃውን የሰው ዓይነ ምድር ነክቶት ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ካልነካው እንዳለ ይቆያል። መጀመሪያ የወንዝ ውሃ ሞከርን፤ በማግስቱ ቀለም የተደፋበት መሰለ፣ ሲከፈትም ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ወጣ። ከጎኑ ደግሞ ሆን ብላ የተፈላ ውሃ የሞላችበት ብልቃጥ ነበር። እሱ አልጠቆረም። ይህ ማነጻጸሪያ ነው አለችን፤ የፈላ ውሃ መቼም አይጠቁርም፣ ስለዚህ ሌላው ሲጠቁር ጥፋቱ የወረቀቱ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ከዚያ ብልቃጦቹን ለሁላችን አደለች፤ የቤታችንን ውሃ ቀድተን እንድናመጣ። እንዲህ ያለችን አይረሳኝም፦

«ከዛሬ ጀምሮ ተማሪዎቼ ብቻ አይደላችሁም። አብራችሁኝ ትመራመራላችሁ። እኔ የናንተን ናሙና አምናለሁ፣ ሰው ደግሞ እኛን ያምናል።»

እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። ፈተና መጣ ብዬ ነው ያሰብኩት። የሚጠቁር ይወድቃል፣ የማይጠቁር ያልፋል። ፈጥነው ያመጡት ልጆች ውጤት ሲታይ ደግሞ ፍርሃቴ ባሰ። የአንድ ልጅ የግቢ ጉድጓድ ጠቆረ፣ በዕረፍት ሰዓት ልጆች «ጥቁር ብልቃጥ» እያሉ ተከተሉት። ቲቸር ተቆጣች፤ የውሃ መበከል የማንም ነውር አይደለም አለች። ማን ይስማት። ልጁ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣም።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ለሰደቃ ነቀዝ የበላው ስንዴ ወደ አባባ ይዞ መጥቶ ነበር። አባባ ሰውየውን በጨዋ ቃል ሸኙት። ለምን አልተቀበሉትም ብዬ ስጠይቃቸው፣ የተበላሸ ሰደቃ አላህ ዘንድ አይደርስም፣ ለሰጪው ይመለሳል አሉኝ። ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም። ጉድጓዳችን ከጠቆረ እስከ ዛሬ የተጠጣው ሁሉ ሊመለስ ነው። አያቴ የተቀበለችውን ሁሉ ሊቀሟት ነው።

በማግስቱ አባባ ከሰዓት በኋላ ለአስር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ከጉድጓዱ አንድ ጣሳ ውሃ ቀዳሁ። በሻይ ማንቆርቆሪያ አፈላሁት፣ አበረድኩት፣ ብልቃጡን ሞላሁት። ላዩ ላይ ቆንጆ አድርጌ «የሼህ እንድሪስ ጉድጓድ» ብዬ ጻፍኩ። ውሃው ከጉድጓዱ ነው፤ ውሸት አልጻፍኩም እያልኩ ነበር።

ቲቸር ምሕረት በትልቅ ካርቶን ላይ ሰፈራችንን ስላ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የጠቆረው ውሃ ባለበት ጥቁር ነጥብ፣ ያልጠቆረው ባለበት ነጭ ክብ ታደርጋለች። ጥቁሮቹ ይበዙ ነበር። የኛ ነጭ ሆነ። አንድ ጊዜ ማየት ማየት አይደለም፣ ሦስት ጊዜ እንይ አለችን፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጊዜ አፈላሁት። ሦስተኛው ላይ መፍራቴን ትቼ ነበር። እንዲያውም ነጩን ክብ በየቀኑ እያየሁ እኔም አመንኩት። ልጅ የራሱን ውሸት ቶሎ ያምናል።

ወሬው በሰፈር ተዳረሰ። ቲቸር ጥቁር ነጥብ ያለበት ቤት ሁሉ ውሃውን አፍልቶ እንዲጠጣ፣ የማይችል ደግሞ ከቦኖው፣ ከሕዝብ ቧንቧው፣ ወይም ነጭ ክብ ካለበት እንዲቀዳ በልጆቹ በኩል ላከች። ጠዋት የሚሰለፈው ሰው በረከተ። አባባ ለቲቸር ዱአ አደረጉላት፤ አንድ ብርጭቆ ማርም ላኩላት። እትዬ አልማዝ እስከዚያ ድረስ ቦኖው ድረስ እየሄደች ነበር የምትቀዳው፤ ውሃ በትንሽ ልጅ አይቀለድም ትል ነበር። ሰላም ስለ ካርታው ስትነግራት ሩቁን መንገድ ተወችና ወደኛ መጣች። የመጀመሪያውን ጀሪካን የሞላሁላት እኔ ነኝ።

የዚያ ዓመት በልግ ከበደ። መጋቢት መጨረሻ ላይ የጀመረው ዝናብ ቀን ከሌት አላባራ አለ። ከኛ በላይ ያሉት ቤቶች ሽንት ቤት ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ባልዲው ከጉድጓዱ ሲወጣ ውሃው ትንሽ ደፍርሶ ነበር። አባባ የዝናብ ነው፣ ያርፋል አሉ።

በሚያዝያ ልጆች መታመም ጀመሩ። ከክፍላችን መጀመሪያ ሁለት ቀሩ፣ ከዚያ አምስት። እኔንም ሆዴን አሞኝ ተነሣሁ። ኤደን ሰኞ ተቅማጥ ያዛት። ማክሰኞ ከጤና ጣቢያ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጥተዋት ወደ ቤት መለሷት፣ እየደጋገሙ እንዲያጠጧት። እትዬ አልማዝ ከልጅቷ አጠገብ መነሣት ስላልቻለች ውሃ የማመላልስላት እኔ ነበርኩ። አፍልታችሁ በጥብጡ ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን የናንተማ ሦስት ጊዜ የተመረመረ ነው አለችኝ። እኔም ቆሜ ሰማኋት። ዱቄቱን ስትበጠብጥ ጣሳውን ያዝኩላት። ኤደን ቀና ብላ ጠጣች፣ ጥሟት ስለነበር ጨርሳ ጨምሪልኝ አለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞተች።

አባባና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከቸርቹ ሰዎች ጋር ሆነው ቀበሯት። ሣጥኑን አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት ስለነበር ውስጡ ባዶ መስሎኝ ነበር። ኤደንን ሌላ ቦታ ደብቀዋታል፣ ያመጧታል ብዬ ለሁለት ቀን በራቸውን ጠበቅኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቲቸር ምሕረት የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ሁሉ ከየት ውሃ እንደሚቀዳ ጠየቀችን። እያንዳንዳችን ስንናገር ካርታው ላይ በእርሳስ መስመር እየሳበች ነበር። መስመሮቹ ከየአቅጣጫው መጥተው ነጩ ክብ ላይ ተገናኙ። እርሳሱን አስቀመጠች። ክፍሉ ሲበተን እኔን አስቀረችኝ።

«ሉባባ፣ ብልቃጡን የሞላሽው ከጉድጓዱ ነው?»

«ወላሂ ከጉድጓዱ ነው ቲቸር» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። በዚያው ቀን ግቢያችን መጣች። ባልዲውን ያወረድኩላት እኔ ነኝ፤ ብልቃጡን ግን በራሷ እጅ ሞልታ፣ በራሷ እጅ ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ጠዋት ከሰጋቱራው ስታወጣው ጥቁር ነበር፤ ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም። ለማንም ሳታሳይ መለሰችውና ትምህርት አስተማረችን።

ከሰዓት በኋላ ወደ አባባ መጣች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«አባቴ፣ ጉድጓዱ ተበክሏል። ንጹሕ ነው ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻቸው።

አባባ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ መቁጠር አቆሙ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቋት። አላውቅም አለች። ሦስት ጊዜ መርምረሽው አልነበረም ወይ አሏት።

«ናሙናውን በእጄ አልቀዳሁትም። በእጄ መቅዳት ነበረብኝ» አለች። ወደ መጋረጃው ዞር ብላ አላየችም።

አባባ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣ የአላህ ነን ወደሱም ተመላሾች ነን አሉ። ከዚያ ተነሥተው የጉድጓዱን ክዳን ጎትተው ከላዩ ላይ ትልቅ ድንጋይ ጫኑበት።

ወላጆች ተሰብስበው ትምህርት ቤቱን ጠየቁ። በልጆቻችን ሕይወት ሙከራ ሠርታለች አሏት። እሷም ስትጠየቅ ያንኑ ደገመች፤ ማረጋገጥ ነበረብኝ አለች። የኔን ስም አላነሳችም። እኔ ከተማሪዎቹ መሐል ነበርኩ፣ አልተናገርኩም። ካርታው ከግድግዳው ወረደ፣ ሣጥኑ ወጥቶ ተደፋ። እሷ ከደሴ አልፎ ቦሩ ሜዳ በኩል ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረች ተባለ። የድሮው መምህራችን ተመልሶ መጣ፤ እኛም ወደ መገልበጣችን ተመለስን።

አባባ ጉድጓዱን ሊደፍኑት ወሰኑ። በእርጅና ጉልበታቸው ከመንገድ ዳር ድንጋይ እያመጡ ይጥሉበት ጀመር። ድንጋዩ ሲወድቅ ከሥር የሚመለሰው ድምፅ ጆሮዬን አስያዘኝ። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ውሃውን አፍልቼው ነበር የወሰድኩት» አልኳቸው።

የያዙትን ድንጋይ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሦስት ጊዜ አልኩ። ለምን አሉኝ። ሰደቃው ተመልሶ አያቴ እንዳታፍር ብዬ ነው አልኩ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝ በወደድኩ።

«ሙታን አያፍሩም ልጄ» አሉ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገልጠው። «ማፈር በሕይወት ላለነው ነው።»

በማግስቱ መጀመሪያ ወደ ደሴ ወጣን፣ ከዚያ የቦሩ ሜዳ ሚኒባስ ያዝን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቲቸር ምሕረትን ከአዲሱ ትምህርት ቤቷ በር ላይ አገኘናት። ስታየን አልደነገጠችም። አባባ ይህች ልጅ የምትነግርሽ አላት አሏት፤ ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አላቀፈችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ውሃው ቢጠቁር ኖሮ ምን የምታደርግ መስሎኝ እንደነበር።

«ክሎሪን ነበረኝ» አለች። «እስኪጣራ ጉድጓዱን እናክመው ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር ሉባባ።»

ከዚያ ውጤቶቻችን የተመዘገቡበትን ደብተር አመጣችና የኛ ጉድጓድ የተጻፈበትን ገጽ ገለጠች። የተመራማሪ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ ከሥሩ እውነቱ ይጻፋል አለችኝ። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ሦስቱም ናሙናዎች የፈላ ውሃ እንደነበሩ ጻፍኩ፣ ስሜን ጻፍኩ። እሷም ከሥር ናሙናዎቹን ራሷ እንዳልቀዳች ጽፋ ፈረመች። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ አንድ ጥያቄ ያኔ ነው የገባኝ። ጉድጓዱ ከመጀመሪያው የተበከለ ይሁን ወይስ ዝናቡ ያበላሸው፣ ማንም አያውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከመሄዳችን በፊት አባባ ያንኑ ቃል በሌላ ወረቀት ላይ እንድጽፍ አደረጉኝና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ኮምቦልቻ እንደገባን እቤታችን አልሄድንም። እትዬ አልማዝ ጋ ገባን። አባባ ቆመው፣ ልጄ በእጇ የጻፈችው ነው ብለው ወረቀቱን ዘረጉላት። እትዬ አልማዝ ማንበብ አትችልም። ለሰላም ሰጠቻት።

ሰላም አነበበችው። ጽሕፈቴን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። መጀመሪያ እንደ ትምህርት ቤት ንባብ ጮክ ብላ ጀመረች። «የፈላ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ወረደ። ስሜ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። እናቷ ጨርሺው አለቻት፤ ጨረሰችው።

እትዬ አልማዝ ወረቀቱን ተቀበለቻት። ከዚያ ለአባባ ተናገረች።

«ጌታ ይቅር በሉ ብሎ አዞናል ሼህ። አውቃለሁ። ዛሬ ግን አልችልም። ዛሬ ሂዱልኝ።»

ሄድን። ሰላም በሚቀጥለው ቀን ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ዓመቱ እስኪያልቅ እዚያው ነበረች።

ለቲቸር ምሕረት አባባ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው እውነቱን ነገሩላት። ሰሟቸው፣ ዝውውሩ ግን አለቀ የተባለ ነገር ነበር፤ አልተመለሰችም።

ጉድጓዱ እስኪደፈን ጊዜ ወሰደ። ያልሰማ ሰው አሁንም ጠዋት ጠዋት ይመጣ ነበር። አባባ፣ ለሚመጣው ሁሉ አንቺ ትነግሪያለሽ አሉኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው ከሱብሂ በኋላ እየተነሣሁ በር ላይ እቆማለሁ። ጉድጓዱ ተዘግቷል፣ ውሃው የተበከለ ነው፣ ንጹሕ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላለሁ። አንዳንዱ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይመለሳል። አንዷ ሴትዮ ፊቴ ላይ እንትፍ ልትል ምራቋን ካጠራቀመች በኋላ መሬት ላይ ተፋችው።

አንድ ቀን ጠዋት አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን የያዘች ትንሽ ልጅ ብቻዋን መጣች። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከላይኛው ሰፈር ልከዋት ነው፤ አላውቃትም። እንደ ልማዴ ሁሉንም ነገርኳት፤ መዘጋቱን፣ መበከሉን፣ መዋሸቴን። አፌን አፌን እያየች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እሺ» አለችኝ። «ነገ ልምጣ?»

ነገም የለም አልኳት። ጀሪካኑን ከእጇ ተቀበልኩና እጇን ይዤ ወደ ቦኖው የሚወስደውን ሩቁን መንገድ ላሳያት አብሬያት ሄድኩ።